የሚችለኝ ጫማ

97 ኪሎ እመዝናለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ72፣ የጫማ ቁጥሬ 43 ነው። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁንም እዚሁ ልብስ እየሰፋሁ የምኖር ሴት ነኝ፤ በሳምንት ሦስት አራት ጠዋት እሮጣለሁ። ኪሎዬን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ሩጫ ጫማ ብዙ ይወራል፤ የቱ ማርካ እንደሚሻል፣ የቱ ኦርጅናል እንደሆነ፣ እገሌ የቱን አድርጎ እንዳሸነፈ። ጫማ ቤት ስገባ ግን «ስንት ኪሎ ነሽ?» ብሎ የጠየቀኝ ነጋዴ እስካሁን አልገጠመኝም። ነውር መስሏቸው ይሆናል። ለኔ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ የለም።

የምንኖረው በሯጭ አገር ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ስለሆነች አትሌቶች ይሠለጥኑባታል፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከቤቱ የወጣ ሰው በአስፋልቱ ዳር ተከታትለው ሲያልፉ ያያቸዋል። በ1991 ዓ.ም. ሴቪያ ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ጌጤ ዋሚ የጫጫ ልጅ ናት፤ ጫጫ ደግሞ ለእኛ ጎረቤት ነው። ስለዚህ ስለ ሩጫ የምናውቀው ሁሉ ከነሱ የመጣ ነው፤ አሯሯጡም፣ አበላሉም፣ ጫማውም። እኮራባቸዋለሁ። ጫማቸው ግን የተሠራው ለነሱ ገላ ነው። ገበያ ላይ «እናቴ፣ ይሄ እኮ የአትሌት ነው፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ ውሰጂ» ሲሉኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አትሌቷስ ስንት ኪሎ ናት?»

ትዕግሥት አሰፋ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ 2፡11፡53 ገብታ የዓለምን የማራቶን ክብረ ወሰን ስትሰብር የተጫማችው አዲዳስ አንዱ እግር 138 ግራም ብቻ ነበር የሚመዝነው። ዋጋው 500 ዶላር ነበር፤ ኩባንያው ራሱ ለአንድ ማራቶንና ከዚያ በፊት እግር ለማላመድ ብቻ እንደተሠራ ተናግሮ ነው ያወጣው። እኔ አሁን የምሮጥበት ጫማ አንድ እግሩ ከ300 ግራም ያልፋል። የሷ ሁለቱ ተደምሮ የኔን አንዱን አያህልም ማለት ነው። ሁለቱም ጥሩ ጫማዎች ናቸው። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው፤ አንዱ ቀላል ሰውን ለሁለት ሰዓት ለማስፈንጠር፣ ሌላው ከባድ ሰውን ለወራት ለመሸከም የተሠራ።

ነገሩን በቁጥር ላስረዳ። ሰው ሲሮጥ እያንዳንዷ እርምጃ ከሰውነቱ ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ የሚሆን ጫና ታሳርፍበታለች። 48 ኪሎ የሆነች አትሌት ስትሮጥ በአንድ እግሯ ላይ የሚያርፈው ከ96 እስከ 144 ኪሎ ነው። እኔ ጋ ሲመጣ ከ190 አልፎ እስከ 290 ይደርሳል። ይህ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከመቶ ሃምሳ ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ከእግራችን ሥር ያለው የሶሉ ስፖንጅ ደግሞ በጥቃቅን የአየር ቋጠሮዎች የተሞላ ነው፤ ስንረግጠው ይጨመቃል፣ እግራችንን ስናነሳ ይመለሳል። የጫናው ልክ ሲያልፍ እና ሲደጋገም የቋጠሮዎቹ ግድግዳ ይደክማል፣ መመለሱንም ያቆማል። አንድ የሩጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ያገለግላል ሲባል የምንሰማው ለመካከለኛ ሰው ነው። የኔ ቢጤዋ ከታችኛው ቁጥር ቀድማ ብትጨርሰው አይግረማት።

እዚህ ላይ ደጋግሜ የምሰማውን ምክር ላንሳ፤ «መጀመሪያ በርካሽ ጫማ ሩጪና ክሺ፤ ስትከሺ ጥሩውን ትገዢያለሽ» የሚለውን። የሚመክሩኝ ሰዎች ይወዱኛል፤ ገንዘቤ እንዳይባክንም አስበው ነው። ምክሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጥሩ ጫማ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው አሁን ነው፤ ጉልበቱም፣ ቅልጥሙም፣ ውስጥ እግሩም ትልቁን ጫና የሚሸከሙት አሁን ስለሆነ። 50 ኪሎ የሆነች ልጅ በማንኛውም ሸራ ጫማ ጥቂት ሮጣ ምንም ሳትሆን ትገባለች። እኔ በዚያው ሸራ ብወጣ በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ተረከዜ መሬት አያስነካኝም። ደግሞም ሁላችንም የምንሮጠው ለመክሳት ብቻ ነው ያለው ማን ነው? እኔ የምሮጠው ደስ ስለሚለኝ ነው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዬ ላይ አጎንብሼ ስለምውል፣ ጠዋት ሳንባዬን የሚሞላው ብርድ ያስፈልገኛል። ኪሎዬ ባለበት ቢቆይም መሮጤን አልተውም፤ ጫማም የምገዛው ዛሬ ላለሁት ለእኔ ነው።

ሌላው የሚነሳብኝ አበበ ቢቂላ ነው። «አበበ በባዶ እግሩ አልነበር እንዴ የሮጠው? ምን ጫማ ጫማ ትያለሽ?» ይሉኛል። አበበ ጃቶ፣ መንዲዳ አጠገብ የተወለደ፣ ለእኛ የቅርብ ሰው ስለሆነ ስሙ ሲጠራ ማንም አይከራከርም። እኔ ግን እከራከራለሁ፤ ታሪኩ የሚመሰክረው ለእኔ ነውና። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ የወጣው ጫማ ንቆ አይደለም፤ እግሩ ላይ በትክክል የሚቀመጥለት ጫማ ስላላገኘ ነው። የማይስማማ ጫማ ከማድረግ ምንም አለማድረግን መረጠ፤ ልጅ ሆኖ ጀምሮ የጠነከረ ውስጥ እግር ነበረውና ቻለው። 2፡15፡16 ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ነው የሮጠው፤ ያውም 2፡12 ገብቶ፣ የራሱን ሰዓት በሦስት ደቂቃ አሻሽሎ። እንግዲህ ከአበበ የምንማረው ጫማ አያስፈልግም የሚል አይደለም፤ የማይሆንህን ጫማ ማርካውም ስሙም አይቶ አታድርግ የሚል እንጂ።

ከዚህ በፊት የነበረኝ ጫማ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ ነበር። ማርካውን አልጠራም። ያማረ ነው፤ ሶሉ ወፍራም፣ በጣት ሲጫኑት ልስልስ ያለ። መጀመሪያ ሰሞን በደስታ ሮጥኩበት። ጥቂት ወራት ቆይቶ የግራ ጉልበቴ ውስጠኛው ጎን ማመም ጀመረ። ከግቢያችን ተከራይታ የምትኖር አንዲት አትሌት ልጅ አለች፤ ነገሩን ስነግራት ጫማውን አምጪው አለችኝ። ሁለቱንም አጥባ ጨርቅ መተኮሻ ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አቆመቻቸውና «እትዬ፣ ዝቅ በይና ከኋላ እይው» አለች። ዝቅ ብዬ ዓይኔን ከጠረጴዛው እኩል አደረግሁ። የሁለቱም ተረከዝ ወደ ውስጥ ዘሟል፤ የግራው ይበልጥ። ውስጠኛው ጎን ላይ ስፖንጁ በአግድም ተሸብሽቦ መስመር መስመር ሠርቷል፤ ውጭኛው ጎን ግን እንደተገዛ ነው። እሷ የራሷን አምጥታ አጠገባቸው አስቀመጠች። ከኔ በብዙ የሚበልጥ ኪሎ ሜትር የሮጠችበት፣ ከታች ላስቲኩ ያለቀ ጫማ ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ያን ቀን ያየሁት ነገር እስካሁን ጫማ የምመርጥበትን መንገድ ለወጠው። ያረጀ ጫማ ካላችሁ አትጣሉት፤ ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ አቁሙና ከኋላ እዩት። ወደ ውስጥ ከዘመመ ተረከዙ ጠንከር ያለ፣ በውስጠኛው ጎኑ ደገፍ የሚያደርግ ጫማ ፈልጉ። ቀጥ ብሎ ከቆመ ግን ከባድ ስለሆናችሁ ብቻ ድጋፍ ያለው ጫማ ውሰዱ የሚላችሁን አትስሙ፤ የማያስፈልገው እግር ላይ ድጋፉ ራሱ ይጎረብጣል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ፤ ስለ ልክ። ጫማ ሲጠበን ሁላችንም የምናደርገው አንድ ቁጥር መጨመር ነው። 41 ሲጠብ 42፣ 42 ሲጠብ 43። ደረቷ የጠበባት ደንበኛ ብትመጣ ቀሚሷን አስረዝሜ ብሰጣት ምን ትለኝ ነበር? ቁጥር የጫማ ርዝመት ነው። የጠበበው ስፋቱ ከሆነ ርዝመት መጨመር ተረከዙን ያሰፋል፣ ጣት ፊት ባዶ ቦታ ይፈጥራል፣ እግር ውስጡ ይንሸራተታል፤ ጎኑ ግን ያው ጠባብ ነው። ከባድ ሰው ደግሞ ሲቆም እግሩ ይዘረጋል። እኔ ተቀምጬና ቆሜ ስለካው የእግሬ ስፋት ግማሽ ሳንቲም በሚጠጋ ይለያያል። ያ ግማሽ ሳንቲም ነው ትንሿን ጣት የሚልጠው።

አለካኬ እንዲህ ነው። ጠንካራ ወረቀት መሬት ላይ አነጥፋለሁ፤ ግድግዳ ተጠግቼ፣ የምሮጥበትን ካልሲ አድርጌ፣ ሙሉ ክብደቴን በዚያ እግር ላይ ጥዬ እቆማለሁ። እርሳሱን ሌላ ሰው ይይዝልኛል። እርሳሱ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ልኩን ይሰርቃል። ከዚያ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት፣ ከዚያ ደግሞ ከአውራ ጣቱ ሥር ካለው እብጠት እስከ ትንሿ ጣት ሥር ድረስ ያለውን ሰፊውን ቦታ እለካለሁ። በመጨረሻ በልብስ ሜትር እዚያው ሰፊ ቦታ ላይ ዙሪያውን። ሁለቱም እግር ይለካል፤ እኩል የሆነ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ የሚገዛው ለትልቁ ነው። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ እግር ሲውል ስለሚያብጥ። ሲሮጥም እንደዚያው ያብጣልና ጠዋት ልክ የሆነው ጫማ መንገድ ላይ ይጠባል። የኔ ቀኝ እግር 26.6 በ10.9 ሳንቲም ነው።

ይህን ይዤ ስጠይቅ ነው ስፋት የራሱ ፊደል እንዳለው ያወቅሁት። በአሜሪካ ልክ የሴት መደበኛ ስፋት ቢ፣ ሰፊው ዲ ይባላል። ለወንድ ግን መደበኛው ዲ ነው፤ ሰፊው 2ኢ፣ በጣም ሰፊው 4ኢ። የሴቷ ሰፊ ለወንዱ ተራ ነው ማለት ነው። በከተማችን ከ41 በላይ የሴት የሩጫ ጫማ ማግኘት ከባድ ነው፤ ሰፊ የሚባለውማ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ እግራችሁ ትልቅና ሰፊ የሆናችሁ እህቶቼ፣ የወንዱን መደርደሪያ አትፍሩ። ቀለሙ ጥቁርና ሰማያዊ ይበዛበታል እንጂ ከሥሩ ያው ነው፤ ለከባድ ሰውም የታሰበው ብዙውን ጊዜ እዚያ በኩል ነው። በአሜሪካ ቁጥር ከሆነ የተጻፈው፣ የሴት 11 የወንድ 9 ተኩል ነው፤ አንድ ተኩል ቀንሱ። በስፋት አማራጭ የሚታወቁት ኒው ባላንስና ብሩክስ ናቸው። ብሩክስ ቢስት የሚባለውን ሞዴል የሚመርጡት ብዙዎቹ ግዙፍ ሯጮች ናቸው። አሲክስ ካያኖ ድጋፍ ለሚያስፈልገው፣ ሆካ ቦንዳይ ደግሞ ወፍራም ሶል ለሚወድ ከባድ ሰው የታወቁ ናቸው። ማርካ ጠራሁ ብላችሁ ግን ወረቀቱን ቤት ጥላችሁ እንዳትሄዱ።

ገበያ ላይ ያለው ግን ሁሉም ኦርጅናል አይደለም፣ ሁሉም አዲስ አይደለም። ሰልባጅ ላይ ጥሩ ጫማ ይገኛል፤ አልንቅም፣ አግኝቼበታለሁም። ነገር ግን ስፖንጅ ሳይደረግም ያረጃል። አንዳንዱ ዓይነት ለዓመታት ተቀምጦ ሲቆይ እርጥበት ይበላውና መልኩ ሳይለወጥ ውስጡ ይበሰብሳል፤ ሁለት ቀን ሲሮጡበት ሶሉ በፍርፋሪ ይወርዳል። የጫማውን ምላስ ገልብጣችሁ ቁጥሩ ያለበትን ጨርቅ እዩ፤ ብዙዎቹ ማርካዎች የተመረተበትን ወርና ዓመት እዚያው ያትማሉ። ብዙ ዓመት የቆየ ከሆነ ለመራመጃ እንጂ ለከባድ ሰው ሩጫ አይሆንም። ከዚያ ጫማውን ከአፍንጫውና ከተረከዙ ይዛችሁ አጥፉት። መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው፤ ወገቡ ላይ ከታጠፈ ተዉት። ጨርቅ ለመጭመቅ እንደምናደርገው በተቃራኒ አቅጣጫ ጠምዝዙት፤ እምቢ ማለት አለበት። የተረከዝ መያዣውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ጨምቁ፤ በቀላሉ የሚተኛ ከሆነ የእናንተን ተረከዝ አይይዝም። በመጨረሻ ገልብጡትና ከሥር እዩ። ወገቡ ላይ በጣም የሰረጎደ፣ ተረከዙ የቀጠነ ሶል ለፈጣን ቀላል ሰው ነው። ለኛ የሚሆነው ሰፋ ብሎ መሬት የሚይዝ፣ ከላይኛው ጨርቅ ወጣ ያለ ሶል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በጣት ተጭኖ መለስለሱ ምንም አይነግርም። አውራ ጣቴ 97 ኪሎ አይመዝንም። ጫማው ልስልስ ይሁን አይሁን የሚታወቀው ሁለቱንም አድርጎ፣ ቆሞ፣ በአንድ እግር ጉልበት አጠፍ ሲያደርጉ ነው። ቁርጭምጭሚት ወዲያ ወዲህ ከተንገዳገደ ስፖንጁ ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል። የቀድሞ ጫማዬ የወደቀው እዚህ ላይ ነበር። ነጋዴው «እናቴ፣ ሱቅ ውስጥ አይሮጥም» ቢል ታገሡት፤ ደጅ ወጥታችሁ አሥር እርምጃ ሩጡ። ገንዘቡ የናንተ ነው።

ወፍራም ሶል ሕገወጥ ነው የሚል ወሬም ሰምቻለሁ። የወሬው መነሻ ይገባኛል። የዓለም አትሌቲክስ በጎዳና ውድድር የሶል ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በመስከረም 2014 ዓ.ም. የእኛው ደራራ ሁሪሳ ቪየና ማራቶንን አንደኛ ከገባ በኋላ ሶሉ 5 ሳንቲም ሆኖ ተገኝቶ ውጤቱ ተሰርዞበታል። በጣም አዝኜለታለሁ። ነገር ግን ያ ሕግ ለውድድር ነው፤ ጠባሴ ሰፈር ጠዋት የምትሮጥን ልብስ ሰፊ የሚመለከት አይደለም። ከውፍረቱ ይልቅ የተረከዙንና የፊቱን ልዩነት እዩ። ተረከዙ ከፊቱ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ ጫማ ባትንና የተረከዝ ጅማትን ያሳርፋል። እኩል ወይም ለእኩል የቀረበ ከሆነ ሥራው ወደ ባት ይሄዳል፤ ለለመደ ጥሩ ነው፤ አዲስ ለጀመረ ከባድ ሰው ግን ጅማቱ ይቆጣል።

የኔ ጫማ በመጨረሻ የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ስትመጣ የላክሁላትን የእግር ወረቀት ይዛ ጫማ ቤት ገብታ፣ የወንድ 43፣ 2ኢ ስፋት ያለው ብሩክስ አመጣችልኝ። ዋጋው እዚያም ቀላል አይደለም፤ ለክረምት ዩኒፎርም ስፌት ካገኘሁት ላይ ቆጥቤ የከፈልኩት ነው። መጀመሪያ ሳደርገው ጣቶቼ ተዘረጉ። ጎልማሳ ከሆንኩ ወዲህ በጫማ ውስጥ ጣቶቼን ሳንቀሳቅስ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ከረጅሙ ጣቴ ፊት አውራ ጣት የሚያህል ቦታ አለ፤ ቁልቁለት ላይ ጥፍሬ አይመታም።

ተረከዙ ግን ትንሽ ሰፋኝ፤ ፊታቸው ሰፊ ተረከዛቸው ቀጭን የሆኑ ሰዎችን ሁሉ ይህ ያጋጥማቸዋል። መላውን ያሳየችኝ ያቺው አትሌት ናት። ጫማው ላይኛው ጫፍ ላይ ብዙ ሰው የማይጠቀምባት አንዲት ትርፍ ቀዳዳ አለች፤ ከመስመሩ ትንሽ ወደ ኋላ ያፈነገጠች። ክሩን ወደ ሌላው ጎን ሳታሻግሩ፣ በዚያው በኩል ወደዚች ቀዳዳ ከውጭ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ትንሽ ቀለበት ትፈጠራለች። በሌላውም ጎን እንዲሁ። ከዚያ የግራውን ክር በቀኝ ቀለበት፣ የቀኙን በግራ ቀለበት አሳልፋችሁ ወደ ታች ሳቡና እሰሩ። ተረከዝ ቁጭ ይላል፤ ፊቱም አይጠብም። ቀዳዳዋ የተሠራችው ለዚሁ ነው።

ስለ አያያዙ፣ በተለይ ለደብረ ብርሃንና ከዚያ በላይ ለሚኖር። ጥቅምትና ኅዳር ሣሩን የሚያነጣው ውርጭ የሚወርድበት ጊዜ ነው። በረንዳ ላይ ያደረ ጫማ ጠዋት ሲያደርጉት ድንጋይ ነው፤ ኢቪኤ የሚባለው የተለመደው ስፖንጅ በብርድ ስለሚጠጥር። ቤት ውስጥ፣ አልጋ ሥር አሳድሩት፤ የመጀመሪያዋን ኪሎ ሜትርም ተራመዱ እንጂ አትሩጡ፤ ለእግርም ለስፖንጁም ይበጃል። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው አይቀርም። የረጠበ ጫማ ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስጠጋት የእኛ አገር ልማድ ነው፤ ብርዱም ያስገድዳል፤ ግን እሳት ስፖንጁን ያኮማትረዋል፣ ሙጫውንም ያላቅቀዋል። የውስጡን ንጣፍ አውጥቶ፣ ጋዜጣ ወትፎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ማዋል ይበቃዋል። ጋዜጣው ሲርስ ይቀየራል። ማጠቢያ ማሽን ያላችሁም እጃችሁን ተጠቀሙ።

አስፋልትና ኮብልስቶን ሲመረጥ እኔ ሁለቱንም ከፒስታ መንገድ አስበልጬ አልመርጥም። የተጠቀጠቀ አፈር ለከባድ ሰው ምሕረት ነው። ኮብልስቶን ላይ ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዛል፤ ከሰፈር እስክወጣ እዚያ ላይ እራመዳለሁ።

ሁለት ጫማ ማፈራረቅ የሚችል ቢያፈራርቅ ጥሩ ነው፤ ስፖንጁ እስኪመለስ ዕረፍት ያገኛል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መግዛት ከባድ ነው፤ ለእኔም ነው። አሮጌውን ጫማዬን አሁን የማደርገው ገበያ ስሄድና ቆሜ ጨርቅ ስቆርጥ ነው እንጂ አንድ እርምጃ አልሮጥበትም። ስለ ጡት መያዣ ደግሞ ብዙ እህቶች በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል፤ እሱም የልክ ጉዳይ ነው፤ ራሴ ሰፍቼ የሞከርኩት አለ፤ ለብቻው እጽፋለሁ።

ከባድ ሆናችሁ መሮጥ የምትፈልጉ፣ ጫማም ያስቸገራችሁ ደብረ ብርሃን፣ ጫጫም ሆነ ደብረ ሲና ያላችሁ፣ እግራችሁን እኔ ልለካላችሁ እችላለሁ። ወንድም ሴትም ብትሆኑ። ሥራ ስለሚቀልልኝም፣ እግራችሁም አብጦ ስለሚገኝ ከ10 ሰዓት በኋላ ኑ፤ የምትሮጡበትን ካልሲና ያረጀውን ጫማችሁን ይዛችሁ። ወረቀቱንና እርሳሱን እኔ አቀርባለሁ፤ ገንዘብ አልቀበልም።